ታላቅ ይቅደም

ሰሎሜዬ፣ ይህችን ፖስት ካርድ ከሆሳዕና ነው የምጽፍልሽ።

ለሥልጠና የመጣሁበት መሥሪያ ቤት በየወሩ ነርስ ቢሮ ድረስ እያስመጣ የሠራተኞቹን ግፊትና ስኳር ያስለካል። ዛሬ ጠዋት ከጸሎት በኋላ ነርሷ እዚያው አዳራሹ ውስጥ መሣሪያዋን ዘረጋች። ማንም አልተጠጋም። "ታላቅ ሳይለካማ ማን ይቀመጣል!" ተባለ። ታላቁ ወደ ጊምቢቹ ሊወስዱን የነበሩት ሾፌር ጋሽ ዕንባቆም ናቸው። የመኪናውን ቁልፍ ጨብጠው በሩ ጋ ቆመዋል። "እኔ ደህና ነኝ፤ እናንተ ተለኩና ዝናቡ ሳይመጣ እንሂድ" አሉ። "ኧረ በጌታ፣ እርስዎ ይቅደሙ!" ብለው እየጎተቱ አስቀመጧቸው።

ነርሷ በአንዱ ክንዳቸው ለካች። በሌላኛው ክንዳቸው ደግማ ለካች። ከዚያ ቀስ ብላ "አባባ፣ ቁልፉን ለሌላ ሰው ይስጡ" አለቻቸው። ግፊታቸው እንኳን መኪና ሊያስነዳ ደረጃም የሚያስወጣ አልነበረም። የጊምቢቹ መንገድ ደግሞ ገደል በገደል ነው! አሁን ሆስፒታል አስተኝተዋቸዋል፤ ጌታ ይመስገን፣ መቀለድ ጀምረዋል።

እኛ ሺንሺቾ ቢሮ አለቃችን "ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፣ ያመመው ይሂድ" ይላል። ጋሽ ዕንባቆም እኮ አላመማቸውም ነበር!

ካርዱ ሞላ። ስልክሽ እንቢ ስላለኝ ወደ ሺንሺቾ ለሚሄደው ሚኒባስ ረዳት እሰጠዋለሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ። የእኛ ቢሮ ሾፌርም ታላቅም አባትሽ ናቸው፤ እዚያ "ይቅደሙ" የሚላቸው የለም። ዛሬውኑ አንቺ በያቸው።

ሐዳሳ