በሻይ የነከርሁት ቀሚስ

ሞጣ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፋንታ ወልደ ኪዳን፤ አዲስ አበባ።

ልጄ ፋንታ፣ እንደምን ከርመሃል? ሰብለ ወንጌልስ እንዴት ናት? ሆዷ ከበዳት ወይ? እናንተ ደኅና ሁኑልኝ። ስለ እኔ ጤና ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ግን ቸግሮኛል። አንተ ለአማቶችህ «እናቴ ሞታለች» ብለሃቸዋልና፣ ሙት ደግሞ «ደኅና ነኝ» አይልም።

ይህን የሚጽፉልኝ የኔታ ሣህለ ማርያም ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩህ፣ ዳዊት ያስደገሙህ እሳቸው ናቸውና ብታፍርም የእጅህ ነው። አሁን እንኳ ብዕራቸውን አንሥተው «ይርጋነሽ፣ ይህቺን እናለዝባት» አሉኝ። «የኔታ፣ እንዳልሁት ይጻፉልኝ፤ እኔ ላይ ሲደርስ አልለዘበም» አልኋቸው።

ሰርግህን የሰማሁት በነጋዴው በሰይድ በኩል ነው። ግንቦት ላይ ሸቀጥ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲወርድ አንድ ቅል ቅቤ ሰጥቼው ነበር። ደጅህ ሲደርስ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። የሙሽራዪቱ አክስት ቅሉን ተቀብላ «ከማን ነው?» አለችው። «ከእናቱ» አላት። «እናቱማ ነፍሳቸውን ይማርና እሱ ሕፃን ሳለ ሞተዋል፤ ቤት ተሳስተህ ይሆናል» አለችው። ይኸን ጊዜ አንተ ወጣህ። ሰይድን አየኸው፤ ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ስትሄድ በገዛ በቅሎው አፈናጥጦ የወሰደህን ሰው። «አባቴ ቤት የነበረች፣ ያሳደገችኝ ሠራተኛ ናት የላከችው» አልህ። ከዚያ እስከ መንገድ ሸኝተኸው «ለእናቴ እንዳትነግርብኝ» ብለህ ለመንኸው።

ሰይድ አልነገረኝም። ተመልሶ ሦስት ሳምንት በእኔ ደጅ አላለፈም፤ በጓሮ ዞሮ ነበር ሱቁ የሚገባ። በመጨረሻ የነገረችኝ ሚስቱ ኸይራት ናት። እጄን ይዛ «አልቅሺ እንጂ፣ ይወጣልሻል» ብትለኝ አላለቀስሁም። ለማን ብዬ?

ለምን እንዳደረግኸው አይጠፋኝም። አባትህ ሸማኔ ነበር። ቢቸና ሳለን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ በሙያው ሲሰድቡት ሰምተህ አድገሃል። የሰብለ ወንጌል ወገኖች ባለርስቶች ናቸው፤ ለሸማኔ ልጅ ልጃቸውን አይድሩም። እሱ የሸመነውን ኩታ አጣፍተው ግን ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ከአንተ በፊት ሦስት ልጆች ቀብሬያለሁ፤ የእነሱ ምትክ ነህና ፋንታ አልሁህ። ሰው ባለርስት ለመሆን ሲል እናቱን ይቀብራል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብሁም።

እንግዲህ መስከረም ላይ የጻፍህልኝ ደብዳቤ መጣ። ያነበቡልኝ የኔታ ናቸው። «ሰብለ ወንጌል በየካቲት ትወልዳለች፤ ልጅ የሚይዝ የታመነ ሰው እንፈልጋለን። ነይ፤ ግን በሞግዚትነት ነው። በሰው ፊት ልጄ እንዳትይኝ፤ አለባበስሽም እንደዚያው ይሁን» ይላል። የኔታ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝ። እኔም በመቀነቴ ቋጠርሁት።

ልጄ፣ አሁን የምነግርህን ማንም አያውቅም፤ ከኸይራትና ከየኔታ በቀር። በልቤ እሺ ብዬ ነበር። ሞግዚትም ልባል፣ ገረድም ልባል፣ ሕፃኑን ልቀፈው እንጂ ብዬ ነበር።

የምለብሰው ግን አልነበረኝም። ያለኝ ወይ ለሥራ የምለብሳት ቡትቶ፣ ወይ አባትህ የሸመነው ቀሚስ ነው። እሱን ቀሚስ ታውቀዋለህ፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው። በሞተበት ዓመት በሁዳዴ፣ እየሳለ፣ እያረፈ የጨረሰው ነው። «ፋንታ ሲዳር ትለብሽዋለሽ» ብሎ አስቀመጠልኝ፤ አንተ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርህ። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ጥጥ እየፈተልሁ ሳሳድግህ አንድ ቀን ገላዬን አልነካውም። እንዲህ ያለ ነጭ፣ ጥለቱ የሚያበራ ቀሚስ ለብሼ ሠራተኛ ነኝ ብል ማን ያምናል?

ገበያ ያለው ማቅለሚያ ጥቁር ብቻ ነው። ጥቁር የሐዘን ነው፤ አራስ ቤት በጥቁር አይገባም። ኸይራትን ባማክራት «ሻይ ምን አለው?» አለችኝ። እነሱ ቤት ሻይ እንደ ውኃ ነው፤ የተጠጣበትን ቅጠል ሳምንት ሙሉ እያሰጣች አጠራቀመችልኝ፤ ያልተነካም ሁለት እፍኝ ጨመረችበት። የብረት ድስት ያጠቁረዋል ብላ በሸክላ ድስት አፈላችው። ቅጠሉ ከቀረበት ነቁጥ ያወጣል አለችና ሁለት ጊዜ አጠለልነው፤ ጨው ጣል አደረግንበት። ቀሚሱንም አስቀድመን በውኃ አራስነው፤ ደረቁን ከነከሩት ይዥጎረጎራል።

ከዚያ በፊት ጥለቱን በመቀስ ቆርጬ አወጣሁት። ኸይራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አንዴ ሲነከር የቅቤ መልክ ያዘ። ሁለተኛ የማር። ሦስተኛ ሲወጣ የደረቀ ሣር መሰለ። አንድ ነገር ግን አላሰብሁም ነበር። ታችኛው ወገን፣ አባትህ ሕመሙ በጸናበት ሰሞን የሸመነው፣ ሽመናው ላልቶ ኖሯል፤ ነጭ ሳለ አይታወቅም። ሻዩን አብዝቶ ጠጣና ጠቆረ። እጁ የዛለበት ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ወጣ። ያን ጊዜ አለቀስሁ። ላንተ አይደለም፤ ለእሱ ነው።

አጥሩ ላይ አስጥቼው ቆሜ ሳለሁ ጎረቤቴ ሀብትነሽ ከገበያ ስትመለስ አየችው። መልኩ እውነትም የመነኮሳቱን ወይባ ይመስላል።

«ወይባ ነው እንዴ? ማን ሊመነኩስ ነው?» አለችኝ።

ልጄ ቤት ሞግዚት ልሆን ነው ልበላት? አፌን ስከፍት የወጣው «እኔ» የሚል ነው። ሀብትነሽ ሸክሟን አውርዳ ጉልበቴን ሳመች። «የታደልሽ! ለእኛም ጸልዪልን» አለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሞጣ ስኖር ጉልበቴን የሳመ ሰው አልነበረም። የሸማኔ ሚስት ጉልበት ማን ይስማል?

ማምሻውን ኸይራት ሰምታ እየሮጠች መጣች። «የልጅ ልጅሽን ሳታዪ?» አለችኝ።

«ማን ሆኜ ልየው? አፉን ሲፈታ ማን ብሎ ይጥራኝ?» አልኋት። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ አመሸች።

ስለዚህ ከነገ ወዲያ ወደ ደብረ ወርቅ እሄዳለሁ። በኅዳር ጽዮን ዕለት እመነኩሳለሁ። የኔታ እንዳስረዱኝ፣ የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ሞቷልና እንደ ሬሳ ተገንዞ ፍትሐት ይደርስለታል። እንግዲህ ደስ ይበልህ፤ ለአማቶችህ የነገርኻቸው እውነት ሊሆን ነው። አንድያ ልጄን ውሸታም አላሰኘውም።

ለሰብለ ወንጌል ሰላም በልልኝ አልልህም፤ ከማን ብለህ ትነግራታለህ? እሷ ምንም አላጠፋችም። አደራህን አትጩህባት፤ ከባድ ነገርም አታስነሣት። ሕፃኑ ወንድ ከሆነ አንተ ስትወለድ እንዳደረገህ ሆዱን ይነፋው ይሆናል፤ በደረትህ ላይ አስተኝተህ ጀርባውን ቀስ ብለህ ብትደባብሰው ይለቀዋል። ስሙን ስታወጡለት የፈቀዳችሁትን አውጡ። ምትክ የሚል ስም ግን አታውጡ።

እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክልህ። የወለድኸው ይጡርህ፤ በሰው ፊት አባቴ ይበልህ። የአባትህ አጥንት አይውቀስህ፤ እኔም እንዳልወቅስህ እለምናለሁ፤ ገና አልሰጠኝም።

ደብረ ወርቅ እንዳትመጣ። ብትመጣም አልወጣልህም። በበጋ ከደጀን እስከ ቢቸና የጭነት መኪና አለ ይላሉ፤ ከቢቸና ወዲህ በበቅሎ የአንድ ቀን መንገድ ነው። መነኮሳይያቱ ከቅዳሴ በኋላ በሴቶች በር በኩል ይወጣሉ፤ ይርጋነሽ ብለህ ብትጠይቅ የሚያውቅ አይኖርም፤ ስሜ ወለተ ሐና ይሆናል። ይህን ሁሉ የነገርሁህ እንዳትመጣ ብዬ ነው። ሕፃን ይዞ ለሚመጣ ሰው ደግሞ መንገዱ ብርድ አለበት፤ ደኅና አድርጎ መጠቅለል ነው።

እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ እናትህ፣
ይርጋነሽ