ገና ያልደረስንበት ዓመት

ታዴዬ፣

ለማንም እንዳትነግርብኝ፤ አንተማ ለማን ትነግራለህ! የመጽሔት አምዴ አንባቢዎች ግን ከሰሙ ይስሙ። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተራችንን በጋቢህ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ፣ ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ አቃቂ በሰቃ ታክሲ ተሳፈርኩ። አንድ ጎልማሳ ተነስቶ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠኝ። ረዳቱ ደግሞ “እናት፣ ፊቱን ገለጥ አድርጊለት እንጂ፣ ልጁ ይታፈናል!” አለኝ። ምን ልበል? ገለጥ አደረግኩት፤ ሽቦ ብቅ አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። አንዲት ሴትዮማ “አባቱን ነው የሚመስለው” ብላ ጨረሰችኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚያ ፊቴን ጋቢህ ውስጥ ቀበርኩ።

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ነው። ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ልጃችን ሕሊና በቁመት በልጣኛለች፤ ያንተን ሹራብ እጅጌውን ጠቅልላ ትለብሳለች። ከታች ያሉት እትዬ ዘውዴ አሁንም የሰፈሩን ወሬ ከእኔ ቀድመው ይሰማሉ፤ እኔ በወሬ የምተዳደረው! ውሃም እንደ ድሮው ሲያሻት ትመጣለች፣ ሲያሻት ትጠፋለች።

የጠፋብኝ ድምፅህ ነው፣ ታዴ። ፊትህ ግድግዳው ላይ አለ። ግን “አንቺ ሴት” ስትለኝ እንዴት ትስበው እንደነበር አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥኩ ላስታውስ ብል እምቢ አለኝ። ድምፅህ የቀረልን በአንዲት ቪዲዮ ነው፤ ያቺ ውሃ ከስንት ጊዜ በኋላ የመጣች ዕለት፣ ለብሎኩ ኮሚቴ ማስረጃ ይሆናል ብለህ የቀረፅካት። አንተ አትታይም። የሚታየው ቧንቧው ነው፤ መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል፣ ከዚያ ቡኒ ውሃ ይተፋል፣ ከኋላ አንተ “ውሃ መጣች! አንቺ ሴት፣ ባልዲ! ባልዲ አምጪ!” ትላለህ። ስልክህ ቃሊቲ ላይ ከመሰረቁ በፊት ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠሃት ነበር። ሌላ የለንም።

እና መብራት ጠፍቶ ድንገት በኃይል ሲመለስ፣ ኮምፒውተሩ ቀጭ ቀጭ አለና ዝም አለ። በሰቃ ያለው ጠጋኝ፣ ከድር የሚባል ልጅ፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠና “ማዘር፣ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል” አለኝ። እንዲህ ይባላል? መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ተዘዋውሮ፣ አስቀምጦ ነው የሚነገረው! ቀጥሎ “ባካፕ አለሽ? ሌላ ቦታ ያስቀመጥሽው ቅጂ?” ሲለኝ ግን ነፍሴ መለስ አለች። አለኛ! እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላህን ሳታጥፍ የምትሰካት ጥቁር ሳጥን፤ እኔ “ጣውንቴ” እያልኩ የምቀልድባት። እንደዚያን ቀን ጣውንቴን ወድጃት አላውቅም።

ከድር አዲስ ዲስክ ገጠመልኝና “ቤት ስትገቢ ሳጥኗን ሰክተሽ የቅርቡን ምረጪ፣ ‘መልስ’ በይው፣ አለቀ። ካቃተሽ እመጣለሁ” አለኝ። ምን ያቅተኛል! ደግሞስ የቤታችንን ጉድ ባዕድ ለምን ያየዋል?

ሰካሁ። ሁለት ክምችት አለ፤ አንዱ 2017 ይላል፣ ሌላው 2024። አንተን እኮ አውቅሃለሁ። የፈረንጅ ቀን አይንህ የማይወድ፣ የመድኃኒቱን ማለፊያ ጊዜ ሳይቀር ወደኛው አስልተህ ካርቶኑ ላይ በማርከር የምትጽፍ ሰው። 2017 ያረፍክበት ዓመት ነው፤ የቅርቡ እሱ ነው አልኩ። 2024ማ ገና ያልደረስንበት ዓመት፣ ምን ሊኖርበት? የማሽን ቅዠት መሰለኝ። 2017ን መለስኩ። ፎቶው ይጎርፍ ጀመር፤ ሕሊና ጥርሷ ወልቆ፣ አንተ ፀጉርህ ሳይሳሳ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ዕለቱ እሁድ ነበርና እንደ ደንብህ ባካፕ ላድርግ አልኩ። ሳጥኗ ሞልቻለሁ፣ ቦታ የለኝም አለች። ያን ያልመጣ ዓመት አጠፋሁት። “እርግጠኛ ነሽ?” ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነበርኩ።

ሕሊና ከሰንበት ትምህርት ቤት ስትገባ የውሃዋን ቪዲዮ ፈልጊልኝ አልኳት። አገላበጠች፣ አገላበጠች። “እማዬ፣ ይሄ ሁሉ እኮ የድሮ ነው። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ሌላው የታል?” አለችኝ። ሳጥኗን አየኋት። “እማዬ፣ ሌላውስ?”

ከድር በስልክ ሲሰማ “ወላሂ ማዘር፣ እንዳትነኪው! ምንም ሳትጭኚበት ነቅለሽ አምጪልኝ!” ብሎ ጮኸ። ከተሰረዘ ዲስክ የጠፋ ነገር የሚያወጣ ጓደኛ አለው፤ ሳጥኗን እሱ ዘንድ ወስዷታል። ሊገኝም ይችላል፣ ላይገኝም ይችላል አለ። ሙት ዓመትህ ቀርቧል። ሕሊና ቁጣዋን እንኳ ከለከለችኝ፤ ሳህን አጥባ፣ በሯን ቀስ አድርጋ ዘግታ ትገባለች። ብትጮህብኝ በወደድኩ። እኔ በየወሩ የሰው ትዳር የማስታርቀው፣ ለአማትና ምራት ምክር የማዘንበው፣ አሁን ሥራዬ ስልክ ማየት ነው። ለከድር ብደውል “ማዘር፣ ሲያልቅ እኔ እደውላለሁ አልኩሽ እኮ” ይለኛል። ልክ ነው። ምን ላድርግ?

ትናንት ውሃ መጣች። ቧንቧው አየር ሲተነፍስ ሰማሁና፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደረጃው ላይ ወጥቼ “ውሃ መጣች! ባልዲ!” ብዬ ጮኽኩ። እትዬ ዘውዴ ባልዲያቸውን ይዘው ብቅ አሉና “ውይ፣ ታደሰን መሰልሽኝ! ግን እሱ እንደሱ አይልም” አሉና እንዳንተ ሞከሩት። እንደሱ አልነበረም። እኔም ደገምኩት። እንደሱም አልነበረም። ትንሽ ወፍራም፣ ትንሽ የሚስቅ ነበር አይደል እያልን፣ ሁለት ሴቶች ደረጃ ላይ ቆመን፣ አንተን ማውጣት አቅቶን፣ ባልዲዬ ሞልቶ እስከ በሩ ፈሰሰ።

ከድር የደወለ ዕለት፣ ይገኝም አይገኝም፣ ከሕሊና ቀጥሎ የምነግረው ላንተ ነው። እስከዚያው ውሃ በመጣች ቁጥር እጮኻለሁ። ካልሆነልኝ፣ እባክህ በሕልሜም ቢሆን መጥተህ አርመኝ።

ያቺው ሴት