ከረግረጉ ጭራቅ ለፊልሙ ባለቤት

ለተከበሩ አቶ ዓለምብርሃን፣
«ልዑሉና የረግረጉ ጭራቅ» የተሰኘው የቤተሰብ ፊልም ዳይሬክተር፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤትዎና በተለይም ለጫማዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ባየህ በላይነህ የተባልሁ የፎገራ ሩዝ ገበሬ ስሆን፣ ባለፈው ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው የጎረቤቴን ልጅ እሽኮኮ አድርጌ ሳሻግር የቀረጹኝ ሰው ነኝ። «ደግ ሥራህን አገር ይየው» ብለውኝ ስለነበር፣ ፊልሙ በፋሲካ ሰሞን ወረታ ሲታይ ባለቤቴን ሠርካለምንና የአምስት ዓመት ልጄን ጥሩብርሃንን ነጭ አልብሼ ከፊት ወንበር ተቀመጥሁ። ስላየሁት ነገር ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ፣ ልጅ ከጎርፍ ማውጣቴን ልጅ ሰርቆ ወደ ዋሻ መውሰድ አድርገው ስላቀረቡልኝ አመሰግናለሁ። እኛ ተወልደን ባደግንበት ሜዳ ላይ ዋሻ አይተን አናውቅም፤ እርስዎ ግን አገኙልን። ልጁን «አይዞህ» ያልሁበትን ድምፄን አውጥተው በምትኩ የጅብ ማጉረምረም ስላስገቡልኝም እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ፣ ባለክንፉ ልዑል ቀይና ጸጉረ ለስላሳ የከተማ ልጅ፣ ክፉዎቹ ሁሉ ግን ጠቆር ያሉ፣ እግራቸው ጭቃ የነካና አነጋገራቸው እንደኛው አገር የሆነ በመሆኑ፣ ልጆቻችን ጭራቅን በምን እንደሚለዩት ያለ ድካም ተምረዋል። ለሌሎቹ ተዋንያን ፊት ቀለም ሲቀባ፣ ወይፈን የወጋኝን የጉንጬን ጠባሳ አይተው «ለእሱ አያስፈልገውም» ማለትዎንም አልረሳሁም። ያን ጊዜ ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

፫ኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ያልቃል። ጥሩብርሃን ስክሪኑን አየች፣ ዞራ እኔን አየች፣ ከዚያም እናቷ ጉያ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጄ አትጎርስም። ከትከሻዬ አልወርድ ትል የነበረች ልጅ፣ ላነሣት እጄን ስዘረጋ «ወዴት ልትወስደኝ ነው?» ትለኛለች። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ርብ መሙላቱ አይቀርም። ውኃው ደጃችን ሲደርስ ልጄ የምትተርፈው በዚህ ትከሻ ነው፤ ፈርታኝ ከእጄ አፈትልካ ጎርፉ ውስጥ ብትወድቅስ እያልሁ እጨነቃለሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ ልዑልዎን ከሐምሌ በፊት እንዲልኩልን ነው። ክንፉ ከካርቶን መሠራቱን በዓይኔ ስላየሁ፣ የፎገራ ዝናብ እንዳያበሰብሰው በላስቲክ ጠቅልለው ይላኩት።

ሥራዎ የሕፃናት ሳቅ እንዳይለየው የሚመኝ፣
የልጆችዎ ማስፈራሪያና የዘወትር ታዛዥዎ፣
ባየህ በላይነህ
ከፎገራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቀረጻው ዕለት ጫማዎ እንዳይረጥብ ብለው እርስዎም በጀርባዬ ታዝለው ተሻግረዋል። መሐል ላይ ውኃው ሲገፋን ዓይንዎን ጨፍነው፣ አንገቴን አንቀው «ባየህ ወንድሜ፣ እንዳትለቀኝ» ብለውኝ ነበር። አልለቀቅሁዎትም። ፊልሙን ገና አላየሁትም ነበር።