አንገትሽን ማንም አይነካውም

ይድረስ ለውዷ እናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ከምግብ በኋላ የሚነሳብሽ ቁርጠት ቀለል አለልሽ? የአባዬ ጉልበትስ እንዴት ነው? እኔ ሥራ ቢያንገላታኝም ደህና ነኝ፤ የሚያሳስበኝ ያንቺ ነገር ነው።

ታናሼ ሁሉንም ነግሮኛል። መጀመሪያ ሐኪሙ አልታጠፍ ያለ አንገትሽን እንዳያይ በሻርፕ ሸፍነሽ «በርዶኝ ነው» አልሽው። ቀጥሎ ጎረቤታችን፣ አንገቱ የማይታጠፍ ሰው በማደንዘዣ እንደተኛ ይቀራል ስትልሽ፣ የሐሞት ጠጠሩን አላስወጣም ብለሽ አረፍሽው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?

ጎረቤታችንም ከመሬት ተነስታ አላወራችም። እኛ የማደንዘዣ ባለሙያዎች በሽተኛው ከተኛ በኋላ የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮው እናስገባለን። መንገዱን በዓይናችን ለማየት ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀና እናደርጋለን። እንዳንቺ የአንገቱ አጥንት ለተያያዘ ሰው ይህ አይሆንም።

ትናንት ግን አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ለቀዶ ሕክምና መጡ። ስጠራቸው በአንገታቸው ሳይሆን በመላ ሰውነታቸው ዞሩ፤ አንቺን መሰሉኝ። ከተኙ በኋላ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው መሣሪያ በአፋቸው አስገባሁ። የጉሮሯቸው ውስጠኛ ክፍል ስክሪኑ ላይ ወለል ብሎ ታየ፤ አንገታቸው ትራሱ ላይ እንደነበረ ነው። አልዋሽሽም፣ ቱቦው መጀመሪያ ስቶብኝ ነበር። አወጣሁትና ኦክስጅን ሰጠናቸው፤ አስተማሪዬ ከኋላዬ ሆነው አትቸኩዪ አሉኝ፤ በሁለተኛው ገባ። ሲነቁ ጉሮሯቸውን እንደከረከራቸው ነገሩኝና ወዲያው መነጽራቸውን ጠየቁኝ።

አንቺም እዚህ እኔ ጋ ነይ። ያን ቀን መሣሪያውን እኔ አልይዝም፤ እናቴ ነሽ። አስተማሪዬ ይይዙታል። እኔ እንቅልፍ እስኪወስድሽ ያንቺን እጅ እይዛለሁ። እኔም እፈራለሁ እማዬ፤ ጠጠሩን ግን የባሰ እፈራዋለሁ።

አባዬን ጉልበቱን እስማለሁ በዪልኝ። አክስቴን ከነልጆቿ ሰላም በዪልኝ። ታናሼን ወሬ አቀበለ ብለሽ እንዳትቆጪው፤ ጨንቆት ነው። ጎረቤታችንንም ሰላም በያት፤ ክፉ አስባ አይደለም።

ለሰኞ ሳምንት በስምሽ ቀጠሮ አስይዣለሁ። ሳልጠይቅሽ ነው። ተቆጪኝ፤ ግን መጥተሽ ተቆጪኝ።

ልጅሽ
ከሆስፒታሉ የሠራተኞች ማደሪያ፣ ጥር 14 ቀን