በስምሽ ያሰመርኩት ድንበር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለኤፍራታ ሣህሌ፣
ኩዌት።

እህት ዓለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ቀን ከሌት የሚነፍሰው ማቀዝቀዣ የሚያመጣብሽ የትከሻ ሕመም ተወሽ ወይ? እንቅልፍሽስ? እመቤትሽ ልጇን ከዳረች ወዲህ ሥራው ቀለል አለልሽ ወይስ ጭራሽ የልጅ ልጅ ተጨመረልሽ? ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ፤ "በኋላ እበላለሁ" የምትዪውን ነገር ስለማውቀው ነው። እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም ቆመን እንሄዳለን። እማማ ጉልበቷ በዝናቡ ይብስባታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። ትናንት እንኳ የባጃጁን ሾፌር "ቀስ በል፣ ሬሳ እንኳ ቀስ ተብሎ ነው የሚነዳው" ብላው መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ምን የሚሉት ደብዳቤ ነው እንደምትዪ አውቃለሁ። ነገሩን በስልክ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ጀምሬያለሁ፤ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰርና ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ማውራት እጀምራለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሶፊ ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ በእጇ ሰድጄልሻለሁ። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ ያው የመሬት ካርታ ነው። የገበሬው ማሳ ከሰማይ ፎቶ ይነሳል። የቀበሌው ኮሚቴ ደግሞ ከባለ መሬቱና ከአዋሳኙ ጋር ድንበሩን በእግሩ እየዞረ በፎቶው ወረቀት ላይ በእርሳስ ያሰምራል። ወረቀቱ አሰላ እኛ ቢሮ ሲመጣ እኛ የእርሳሱን መስመር ኮምፒውተር ላይ እየተከተልን እንስለዋለን። ለገበሬው ደብተር የሚሆነው ካርታ ከዚያ ነው የሚወጣው። ይህን ሁሉ ዓመት የሠራነው በማውስ ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ስንል ውለን ስንል ማምሸት። የእጄ አንጓ አብጦ ልብስ መጭመቅ እንኳ አቅቶኝ ነበር፣ ነግሬሻለሁ።

ጥር ላይ አዲስ ዕቃ መጣልን፣ ታብሌት ይሉታል። ስልክ እንዳይመስልሽ። የደብተር ስፋት ያለው ጥቁር ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፣ ላዩ ላይ ምንም አይታይም። ከእሱ ጋር ቀለም የሌለው እስክሪብቶ አለው። በእስክሪብቶው ሰሌዳው ላይ ስታሰምሪ መስመሩ የሚወጣው ፊት ለፊትሽ ያለው ስክሪን ላይ ነው። እጅሽ ወዲህ ዓይንሽ ወዲያ! የመጀመሪያ ቀን አልጽፍ ሲለኝ አራገፍኩት። እምቢ ሲል ጫፉን ምላሴ ላይ አደረግኩት። አጠገቤ የምትሠራው ለሊሴ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት፣ "እትዬ ፋናዬ፣ ቢክ መሰለዎት እንዴ? ይልሱታል?" ብላ ቢሮውን ሁሉ ጠራችብኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰሌዳውን አጣምሜ አስቀምጬው ኖሮ ያሰመርኩት ሁሉ ሽቅብ ይሄዳል። "እትዬ ዛሬ የገበሬውን ማሳ በሙሉ ጭላሎ ተራራ ላይ አወጡት" አለች። ስቄ አለፍኩት፤ በሆዴ ግን ፈርቼ ነበር። ይህን ያልቻለ አሮጊት ምን ይሠራልናል ይሉኛል ብዬ።

እንግዲህ ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። አባባ ለአንቺ ያወረሰሽ የሳጉሬው ማሳ ድንበሩ የሚዞረው በዚያው ሰሞን ነበር። አንቺም "መንገድ ዳር ያለችው ጠርዝ ቤቴን የምሠራባት ናት፣ እባክሽ አንቺ ቁሚልኝ" ብለሽ አደራ አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩ። ቀኑ ሲደርስ ከስልጠናው ጋር ገጠመ። አለቃችንን አቶ ገብረ መድህንን ባስፈቅደው ይፈቅድልኝ ነበር። አልጠየቅኩትም፣ ኤፍዬ። ባለፈው "አልተፈቀደልኝም" ያልኩሽ ውሸት ነው። ዋዜማውን እስክሪብቶው ለመጀመሪያ ጊዜ ታዞልኝ ነበር። እጄን ሳላይ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል፣ የአንዱን ማሳ ጥምዝምዝ እንደ ጥልፍ ክር ተከትዬ ዞሬ ገጠምኩት። ለሊሴ እንኳ "ወይኔ እትዬ!" አለች። ያን ደስታ ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ለኦቦ ቱሳ ደወልኩ። "ኦቦ ቱሳ፣ ዛሬ አልደርስም፣ የኤፍራታንም ድንበር እርስዎ ያሳዩልኝ" አልኳቸው። የሚያዋስንሽን ሰው! ቢሮ ሆኜ ሌላ ሰው እንዲህ አደረገ ሲሉኝ ብሰማ "አበደ እንዴ?" እል ነበር። እሳቸው ግን የአባባ ወዳጅ ናቸው። እኛ ለጥምቀት ስንወጣ ከብታችንን የሚያዩልን እሳቸው፣ ለኢድ የእነሱን ግቢ የሚጠብቀው አባባ አልነበረም? "እሺ ኢንተለ ኮ፣ አባትሽ ቆሞ እንደሚያሳየው አሳያለሁ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። በዚያ በታመመ እግራቸው ፀሐይ ላይ ሲዞሩልሽ ዋሉ።

መጋቢት ላይ ወረቀቱ እኔው ጠረጴዛ ላይ መጣ። ደንቡ የዘመድ መሬት ያለበት ወረቀት ሲደርስሽ ለሌላ ሰው አሳልፈሽ ስጪ ይላል። ስምሽን አየሁና ዝም አልኩ፤ የአባባን መሬት በገዛ እጄ ልሳላት አሰኘኝ። ስክሪኑ ላይ አስፍቼ ሳያት ግን ደሜ ፈላ። የእርሳሱ መስመር ከመንገዱ ወዲህ ቀርቶ መንገድ ዳር ያለችው ጠርዝ በኦቦ ቱሳ ስም ተጽፋለች። ጠርጥር ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? የእህቴን የቤት ቦታ ወሰዷት አልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም፣ አልደወልኩም። እስክሪብቶዋን አነሳሁና መስመሩን እስከ መንገዱ ወስጄ ወደ አንቺ ጨመርኳት። በማውስ ቢሆን ነጥብ በነጥብ ስሄድ አንዱ ላይ ልብ እገዛ ነበር። በእስክሪብቶ ግን አንድ ጊዜ ሳብ ማድረግ ነው። እንዴት እንደለሰለሰልኝ ሳስበው አሁን ያመኛል።

መሬት ከላይ ሲያዩት ሌላ ነው፣ እህቴ። እኔ ያንን ማሳ በእግሬ ነው የማውቀው። ከሳጉሬ ስትመጪ መንገዱ ከታች፣ የአባባ ባሕር ዛፎች ከላይ። ዛፎቹ ተቆርጠዋል፣ ፎቶው ደግሞ እኛ ከምናየው በተቃራኒ ዞሮ ነው የሚመጣው። ዋናው መንገድ ብዬ ያየሁት ከኋላ ያለው የጋሪ መንገድ ነው። ያንቺ ጠርዝ በወዲያ በኩል ምንም ሳትነካ አለች። እኔ ቆርጬ ለአንቺ የጨመርኩት የኦቦ ቱሳን የባቄላ መሬት ነው።

ይህን ያወቅሁት ኦቦ ቱሳ ከፋሲካ በፊት አሰላ ድረስ መጥተው ነው። ካርታው ሕዝብ እንዲያየው ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መሬታቸውን በአንቺ ስም አዩት። ቤት ገብተው ከእማማ ጋር ጤና ሲጠያየቁ ቆዩና "ኢንተለ ኮ፣ ማሽኑ ተሳስቷል መሰለኝ፣ አንቺ ታውቂበታለሽና እይልኝ" አሉኝ። "የትኛው መሬት?" አልኳቸው። "ከጋሪው መንገድ ወዲህ ያለችው ባቄላዬ" ሲሉ ያሰመርኩት መስመር የት እንደነበር ገባኝ። እኔ ነኝ አላልኩም። "ቅሬታ ያስገቡ፣ ካርታው ከግድግዳው ሳይወርድ ይታረማል፣ ከወረደ ግን ይጸድቃል" አልኳቸው። "የሣህሌን ልጅ ልክሰስ እንዴ? ስትመጣ እሷና እኔ እንነጋገራለን" ብለው ተነሱ። መሬታቸው ይሂድ እንጂ አንቺን አልከስም ማለታቸው ነው። እማማ እስከ በሩ ሸኝታቸው "ምን ሆነሻል፣ አመድ መሰልሽ?" አለችኝ። ራሴን አመመኝ አልኳት።

ሳጉሬ ግን አፍ አልዘጋም። "የኩዌት ብር ድንበር ይገፋል" ተባለ። "ሰው አገር ሆና ካርታ ታስለካለች" ተባለ። ወሬው አንቺ ጋ ደርሶ የፋሲካ ዕለት እያለቀስሽ ደወልሽልኝ። "እታለም፣ እኔ ምን አድርጌያቸው ነው? ኦቦ ቱሳስ እንዲህ ያስባሉ?" አልሽኝ። እኔ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሺያለሽ? "ቅናት ነው፣ ተያቸው" ነበር ያልኩሽ። ሁሉን እያወቅሁ። መስመሩን ያሰመርኩት ተሳስቼ ነው፤ ይህን ግን ተሳስቼ አልተናገርኩትም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ስልኩን ዘግቼ በዓሉን እንዴት እንደዋልኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ባለቤቴ ወንደሰን "ዶሮው ጨው በዛበት?" እስኪለኝ ድረስ እህል አልወርድ አለኝ።

በበዓሉ ማግስት ለአቶ ገብረ መድህን ነገርኩት። "ፋናዬ፣ የአንዳችን እጅ ሲሳሳት ሰው የሁላችንንም ካርታ ነው የሚጠራጠረው" አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። አሁን ወረቀት ስለይ እውላለሁ፤ ወደፊት ምን እንደሚወስኑብኝ አላውቅም፣ ቢያባርሩኝም አልፈርድባቸውም።

ከዚያ በገበያ ቀን ሳጉሬ ሄድኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ለምለም ሳር በእጄ ይዤ፣ ካርታው በተለጠፈበት ግድግዳ ሥር፣ በኮሚቴው ሰብሳቢ በኢብሳና በሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ። "ይህን መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ አታውቅም" አልኩ። ያመኑኝ መስሎሻል? አንዷ ሽንኩርት ሻጭ ከኋላ "እህቷን ልታድን ነው እንጂ! ብሩ ለሷም ደርሷታል" አለች፣ ሰውም ሳቀ። ብምል ብገዘት የሚሰማኝ አጣሁ። ያኔ ኦቦ ቱሳ በምርኩዛቸው ተነሱ። "ድንበሩ የዞረ ዕለት ደውላ የኤፍራታንም እርስዎ ያሳዩልኝ ያለችኝ እሷ ናት። መሬት ሊሰርቅ ያሰበ ሰው ድንበሩን ለአዋሳኙ አደራ ይሰጣል?" አሉ። ያቺ ሽንኩርት ሻጭም ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ያ ስንፍናዬ ያንቺን ስም አዳነልሽ፣ እኔን ግን አላጸደቀኝም።

ድንበሩ እንደገና ይዙር ተባለ። እኔም ቀድሜ በጭቃው ዞርኩ፣ ጫማዬ አንዱ እዚያው ተውጦ ቀረ። መንገድ ዳር ያለችውን ጠርዝሽን በእጄ ዳሰስኳት፤ የኦቦ ቱሳ እጅ አልነካትም፣ እንዲያውም ውሃ እንዳይበላብሽ በራሳቸው ጉልበት ቦይ ቀደውላታል። እርማቱን ለሊሴ ሳለችው። አጠገቧ ቆሜ አየሁ፣ በዚያች ቀን አንድም ቀልድ አልወጣትም።

ሰው ሲበተን ኦቦ ቱሳ ጠሩኝ። "ለሽማግሌ ነገርሽ፣ ለገበያ ነገርሽ። ስሟ የተበላው ግን እሷ ናት። ለሷስ ነገርሻት?" አሉኝ። አሁን እየነገርኩሽ ነው።

ኤፍዬ፣ ይቅርታሽን እፈልጋለሁ፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን እኔን ደስ ይበላት ብለሽ "ምንም አይደል" እንዳትዪኝ። አንቺ ሁልጊዜ እንደዚያ ነሽ። ብትቆጪኝ ቁጣሽን እሰማለሁ፣ ብትዘጊኝም እስክትከፍቺልኝ በር ላይ ነኝ። ታላቅሽ ነኝ ብዬ ያን ያህል አዝዤሻለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን የምትይኝን የማደርገው እኔ ነኝ።

እማማ ግንባርሽን ትስምሻለች፤ ነገሩን ነግሬያታለሁ፣ ሁለት ቀን ካኮረፈችኝ በኋላ "ወረቀቱ ላይ ሳትቀንሺ ጻፊላት" አለችኝ። ወንደሰን ሰላም ይልሻል፣ ትከሻሽን በሞቀ ጨርቅ ያዥው ብሏል። ልጆቹ አክስቴ መቼ ነው የምትመጪው ይላሉ፣ ትንሿ የወለቀ ጥርሷን ላኪላት ብላ ለምናኝ ሶፊ ጋ አስቀምጬልሻለሁ። ለሊሴም ሳታውቅሽ ሰላም ትልሻለች። ኦቦ ቱሳ ግን ሰላምታ አልላኩም። ምን ልበልልዎት ስላቸው "ያንቺን ወረቀት አንብባ ስትጨርስ፣ ሰላምታዬን ከኔው አፍ እንድትሰማ ለኔ ትደውል" አሉ። ከኔ በፊት ለሳቸው ደውዪላቸው።

እህትሽ ፋናዬ ሣህሌ
አሰላ፣ ግንቦት ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.