በመርፌ ቁልፍ ቀዳዳ የታሰረችው ሚኒባስ

መርሳ፣ ግንቦት 17 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ይርጋ
የነዳጅ ማሸግና ክትትል ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን፣ መላ ቤተሰብዎን፣ ክቡን ማኅተምዎንና ማኅተሙ የሚያርፍበትን ቀይ ሰም እንዴት ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንዲያውም ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ወዲህ ከደህናም አልፌ ለብቻዬ እየሳቅሁ ስላስቸገርኩ፣ ባለቤቴ ከድጃ ሼኹን ጠርቼ ይቅሩብህ ወይ እያለችኝ ነው።

እኔ አመልካቹ አብዱልሐሊም ሰይድ ከመርሳ ወልድያ ሰው የማመላልስ፣ የአንዲት ያረጀች ነጭ ሚኒባስ ባለቤትና ሾፌር ነኝ። ሚኒባሴ ዛሬ አምስተኛ ቀኗን በኮሚቴዎ ግቢ ታስራ ትገኛለች። ጥፋቷም በነዳጅ ክዳኗ ላይ ካረፈው ማኅተምዎ መሀል አንዲት የመርፌ ቁልፍ ቀዳዳ መገኘቷ ነው። የበሳሁት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው መናገሬ ኮሚቴው በምርመራ እንዳይደክም አስቤ ነው። የፊታችን እሑድ ልጄ ኢብቲሳም ግራና ትዳራለች፤ ሙሽራዋን የምትወስደውም ይህችው እስረኛ ነበረች። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ በዝርዝር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሞተሯ። ነሐሴ 2013 የሠርጉ ቀን ተቆርጦ፣ ዘመድ ተጠርቶ ሳለ የመጣውን እርስዎም ያውቁታል። ሚኒባሷ ጠብታ ናፍጣ ስላልነበራት ደጃፍ ላይ ትተናት እኛ በእግራችን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ እርሷን እዚያው ቦታዋ ላይ አገኘናት፤ ሞተሯ ግን አልጠበቀንም። የወልድያው መካኒክ ጌትነት ከተገለበጠ ፒካፕ የወጣ ሞተር ፈልጎ ገጠመላት፤ የካቲትን ሙሉ አንድም ቀን ሳትጠፋ ሠራች። ይህችን የካቲት ክቡርነትዎ በአእምሮዎ እንዲይዙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰሙ። መጋቢት ሲገባ ናፍጣ በጀሪካን እየተቀዳ በየጓሮው መሸጥ ስለጀመረ፣ ኮሚቴዎ የየመኪናው ነዳጅ ክዳን ናፍጣ በተቀዳ ቁጥር በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ሰም ፈሶበት ማኅተም እንዲያርፍበት ወሰነ። ለአርአያነት ሲሉ በመጀመሪያ የራስዎን መኪና በአደባባይ ማሳሸግዎንም አይቻለሁ፤ እንዲያውም አጨብጭቤያለሁ። የእኔም ተራ ሲደርስ ሠራተኞችዎ ሰሙን እጃቸው ሳይሳሳ አፈሰሱት፤ ለእንዲህ ያለው ቸርነት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሚኒባሴ ሃያ ደቂቃ ትሄድና ትጠፋለች። ሩብ ሰዓት ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች፤ ደግሞ ትጠፋለች። ጌትነት ፊልትሮዋን ቀየረ፣ የናፍጣ መስመሯን በአየር ነፋ፣ ፖምፓዋን አውርዶ መልሶ አሰረ። በመጨረሻም እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ይሄ ሞተር እኮ የፒካፕ ነው፣ ሰው መጫን አልለመደም» ብሎ ፈረደ። መንገደኛው ሁሉ ተስማማ። እኔም ተስማማሁ፤ ያንን ምስኪን ሞተር ስንት ቀን እንደሰደብኩት አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ኒካሑ። ይህ ያንገበገበኝ ነገር ስለሆነ ረዘም ብል ይታገሡኝ። ሠርጉ ከረመዳን በፊት እንዲሆን እንደገና ቀን ተቆርጦ፣ የወንዱ ወገን መኪና ስላጣ የሙሽራዋ አባት እኔ ራሴ የሙሽራውን የአሚርን ሽማግሌዎች ላመጣ ግራና ወረድሁ። ስንመለስ አንድ ጊዜ ጠፋች። ሁለተኛ ጠፋች። ሦስተኛ ስትጠፋ ሰዓት እላፊው ስለተቃረበ ሽማግሌዎቹ ኒካሕ ሳያስሩ ወደመጡበት ተመለሱ። የአሚር አጎት አቶ አቡበከር ከመኪናው ሲወርዱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን መስጠት ካልፈቀድክ በአፍህ ንገረን እንጂ ምን በሞተር ታመካኛለህ?» አሉኝ። ኋላም ቃላቸውን ላኩ፤ ሦስተኛ ቀን እንቆርጣለን፣ እርሱም ከከሸፈ ነገሩ ይቅር የሚል ነበር። ያ ሦስተኛ ቀን እንግዲህ የፊታችን እሑድ ነው።

ኢብቲሳም ሦስት ቀን ምግቤን በእናቷ እጅ ትልክልኝ ነበር። በአራተኛው ቀን፣ «አባዬ፣ እውነት አውቀህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ በዚህ ጦርነት ብዙ ነገር አጥቻለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ ግን ያመመኝ የለም። ልጄን መስጠት እንደሚከብደኝ አልዋሽም። ከቤት ስትወጣ ቤቱ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ መሪ ይዤ ያለቀስኩባቸው ቀናት አሉ። ቢሆንም አሚር ጥሩ ልጅ ነው፤ እርሷም ትወደዋለች፤ እኔም ሞተር አላጠፋሁም።

አራተኛ፣ ስለ ማክሰኞዋ። ከመርሳ ወደ ወልድያ አሥራ አንድ ሰው ጭኜ ስሄድ ሲሪንቃ ሳልደርስ እንደ ልማዷ ጠፋችብኝ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ በመርሳ ገበያ ዘይት የምትቸረችረው ሁሪያ ነበረች። ወርዳ ሚኒባሷን አንድ ጊዜ ዞረቻት፤ የታሸገውን ክዳን ጎንበስ ብላ አየችና እንዲህ አለች፦ «አብዱ፣ ጀሪካን እኮ አንድ አፍ ብቻ ካለው ዘይቱ እየተናነቀ ነው የሚወርድ። እኔ ከኋላው እበሳዋለሁ፣ ያን ጊዜ ሰተት ይላል። ያንተዋ በየት በኩል ትተንፍስ?»

ለካ ክዳኑ ላይ ሲሠራ ጀምሮ አንዲት ደቃቅ የአየር ቀዳዳ ነበረችው! ናፍጣው ወደ ሞተር በሄደ ቁጥር በእርሷ በኩል አየር ይገባና ቦታውን ይተካል። ያቺ የእጃችሁ ሰም ስትደፍናት አየር የሚገባበት ጠፋ፤ ናፍጣውም ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ሁሪያ ከሻሿ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ ሰጠችኝ፤ እኔም ቢስሚላህ ብዬ ሰሙንና ፌስታሉን በሳሁ። ክዳኑ ፉ... ብሎ አየር ሲስብ አሥራ አንዱም ሰው ሰማ፤ አንዲት እናት እልል አሉ። ሚኒባሷ ተነሣች፤ ሲሪንቃን አለፈች፤ ወልድያ ገባች። ከደስታዬ ብዛት መናኸሪያውን አልፌ በመሄዴ ተሳፋሪዎቹ በጩኸት አስቆሙኝ።

አምስተኛ ብዬ ስለ እስራቷ ልጽፍ ነበር፤ ደስታዬን እንዳያበላሽብኝ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ቅዳሜ ዕለት ተቆጣጣሪዎ ቀዳዳዋን አይቶ ደነገጠ። ናፍጣውን በዱላ ለካ፤ መንገዱ ከበላው በላይ ጠብታ አልጎደለም። በዚያች ቀዳዳ ናፍጣ ለመስረቅ ትንኝ መቅጠር እንደሚያስፈልገኝ በአክብሮት አስረዳሁት። እርሱም አዳምጦኝ ሲያበቃ «ቀዳዳው እስኪጣራ ትቆይ» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ በጣም የሚያምር ነው።

ስለሆነም የምለምንዎ ከቅዳሜ ቀትር በፊት ሚኒባሴን እንዲፈቱልኝ ነው። ማኅተሙ ይቅር አላልኩም፤ ይኑር፣ ይባረክ፣ ግን ይተንፍስ። ከፈለጉም ቀዳዳዋን በቃለ ጉባኤ ይመዝግቧትና የኮሚቴው ትሁን፤ የኔ ናት ብዬ አልከራከርም።

ከእርስዎ መልካም ፈቃድ በቀር መሄጃ የሌለው፣ ነገር ግን ሙሽራ ያለው፣
ማኅተምዎን አክባሪ ታዛዥዎ
አብዱልሐሊም ሰይድ

ግልባጭ፦
ለአቶ አቡበከር፣ ግራና (ሞተሩ ንጹሕ መሆኑን እንዲያውቁት)
ለመካኒክ ጌትነት፣ ወልድያ (ፒካፑን ይቅርታ እንዲጠይቅ)
ለኢብቲሳም፣ እቤት (አላወቅሁም ነበር፣ ልጄ)

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ የእርስዎም መኪና እንደ ልማዷ ሲሪንቃ ላይ ጠፍታብዎ በባጃጅ ወደ ስብሰባ መሄድዎን ሰምቼ አዝኛለሁ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ በዚያ ሳልፍ ሾፌርዎ ማሩ ራሱን ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት፤ የሁሪያ መርፌ ቁልፍም አጋጣሚ ሆኖ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ጠፍታ እንደማታውቅና ማሩንም ስለ ጥሩ አያያዙ በሠራተኛ ፊት እንዳመሰገኑት ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል። እንግዲህ መመሪያው ለሁሉም እኩል ስለሆነ፣ የእርስዎንም መኪና ከእኔዋ ጎን ማሰር ካለብዎ እባክዎ ከሰኞ በፊት እንዳይሆን። የእኔዋ እስከ ቅዳሜ ካልተፈታች እሑድ ጠዋት ማሩ በእርስዎዋ ሊመጣ ቃል ሰጥቶኛል፤ አጥቧታል፣ ሪባንም ገዝቷል። ቀዳዳዋን ብቻ እንዳይደፍኑብኝ አደራ፤ ውስጥ ያለችው ልጄ ናት።