በለቅሶ የተሸፈነው ዘፈንሽ

እማዬ፣ ዓለሜ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። መድኃኔዓለም ሄጄ መቃብርሽ አጠገብ ላወራሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን እዚያ ስደርስ እንባዬ ስለሚቀድመኝ መጻፉ ይሻላል አልኩ። ምላሴን ታውቂው የለ፣ ሌላ ቦታ አያርፍም፤ አንቺ ጋ ሲደርስ ነው የሚተሳሰረው።

ቤታችን ደህና ነው። በሸዋ በር በኩል ያለው አጥር በክረምቱ ወድቆ በቆርቆሮ አሳጠርነው። ዘይቱንሽ ዘንድሮም አፈራ፤ የሚቆጣቸው የለምና የሰፈሩ ልጆች ገና ጥሬውን ጨረሱት። ትንሿ ልጅሽ አስቴር ደግሞ ባለፈው እሑድ ተዳረች። ዛሬ የምጽፍልሽም በሷ ምክንያት ነው።

አስቴር የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የምትዘፍኚውን፣ ግጥሙን ራስሽ ያወጣሽውን ዘፈን እንድዘፍንላት። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ በሱ ነው የተሸኘችው፤ እኔም በሱ ወጣሁ። እኔ ግን እማዬ፣ ሁለት ስንኝ እንኳ አልያዝኩም ነበር። ግድ የለሽም፣ ካሴቱ አለ አልኳት። ወንድሜ ግርማ ከአስመራ ጦር ሰፈሩ በፈቃድ የመጣ ጊዜ መደቡ ላይ አስቀምጦ በቴፑ ቀድቶሽ አልነበር?

ቴፑ ዓመት ሙሉ ጥቁር ነጠላ ተሸፍኖ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም። ሙት ዓመትሽን ካወጣን በኋላ አወረድኩት፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ መሳቢያውን ሳብኩ፤ ካሴቱ የለም። ቤቱን ገለበጥኩት። አስቴርን ወነጀልኩ፣ ባሌን ወነጀልኩ፣ የምወነጅለው ሰው ሳጣ ትዝ አለኝና እመሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ግርማ ለቀብርሽ አልደረሰም፣ ፈቃድ አላገኘም። በሣልስትሽ ዕለት አጎቴ፣ ልጁ እርሙን እንዲያወጣ ለቅሶውን ቀድተን እንላክለት አለ። ባዶ ካሴት አምጪ ሲሉኝ፣ ዓይኔ አብጦ፣ ከመሳቢያው እጄ ያገኘውን አንስቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ምንም አልተጻፈበትም ነበር። ወይ ነዶ! ላንቺ በጮኽነው ጩኸት ያንቺኑ ድምፅ ደመሰስነው።

ለአስቴር መንገሩ አቃተኝና ፍለጋ ጀመርኩ። መጋላ ገበያ ያለው የካሴት ሻጭ የሠርግ ዘፈን የተባለ ሁሉ አሰማኝ፤ አንዱም ያንቺ አይደለም። የቀበሌው የኪነት ቡድን ዜማሽን ወስዷል ሲሉኝ ደግሞ ሄጄ ሰማሁ። ዜማው አዎ ያንቺ ነው፤ ግጥሙ ግን ስለ ምርት ዘመቻ ሆኗል። አንቺ ብትሰሚው ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር፤ እኔ ሳቁም አልመጣልኝ። ጀጎል ገብቼ ስፌት አብራሽ የምትሰፋው ወዳጅሽ አዴ ሸምሲያ ጋ ሄድኩ። የልጇ ሠርግ የተቀዳበትን አወጣችልኝ። አለሽ እማዬ! በሐረሪ ዘፈናቸው መሃል ቃሉን እያጣመምሽ ስትቀበዪ፣ ሴቶቹም ሲስቁብሽ ይሰማል። አዴ ሸምሲያ እንባዋን በሻሿ ጠረገች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። የምፈልገው ዘፈን ግን እሱ ውስጥ አልነበረም።

በመጨረሻ ጥፋቴን ለግርማ ጻፍኩለት። መልሱ ከካሴቱ ጋር መጣ። ለቅሶው ካሴቱን አልጨረሰውም፤ ጩኸቱ ሲያበቃ ድምፅሽ ብቅ ይላል። ምስኪን ወንድሜ፣ እንዲጽናና ብለን ሆን ብለን የተውንለት መስሎት ዓመት ሙሉ ሲመርቀን ኖሯል።

ለአስቴር ሁሉንም ነገርኳትና አብረን ከፈትነው። መጀመሪያ የኔ ዋይታ መጣ፣ ረጅም ነው። ከዚያ ቋ አለና አንቺ መጣሽ። የዘፈኑ መጀመሪያ ጠፍቷል፤ መጨረሻው ግን አለ፦

ጎረቤት አትዝጉት፣ ይቆይ በሩ ክፍት፣
የወጣች ልጄ ናት የምትመጣበት።

ዘፍነሽ ስትጨርሺ ስሜን ትጠሪያለሽ። እቃውን ተዪና ነዪ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ያዢው፣ ነገ አስቴርን የምትሸኚያት አንቺ ነሽ ትያለሽ። ከጓዳ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል፤ ከሳህኑ ጋር የኔም ድምፅ አለ፤ ካሴቱ ላይ አለ አይደል እንዴ፣ ኋላ እሰማዋለሁ እላለሁ። ካሴቱም እዚያ ላይ ያልቃል። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

እሑድ ዕለት አስቴር ደጃፉ ላይ ስትደርስ ከመሃሉ ጀመርኩት፤ ያለኝ እሱ ነውና። የሚያውቁት ባልቴቶች እርስ በርስ ተያዩ፣ ወዲያው ግን ተቀበሉኝ። ድምፄ ሲሰበርም ይዘው አደረሱልኝ። አስቴር ዞር ብላ አየችኝ፤ አላለቀሰችም፣ እንደ አንቺ ፈገግ አለች።

አሁን የጎደለውን ከነዚያ ባልቴቶች አንድ አንድ ስንኝ እየለቀምኩ ነው። ያገኘሁትን ለልጄ በቃሏ አስይዛታለሁ፤ ካሴት አላምንም። በኔ ቤት ሙሽራ ስትሸኝ ስምሽ ሳይነሳ በሩን አልፋ አትወጣም፣ ይኸው ቃሌ። ያን ቀን ከጓዳ ጠርተሽኝ ቀርቼ ነበር። እሑድ ግን ሳህኑን ትቼ፣ እጄን አደራርቄ መጣሁ እማዬ።